ውኃው የሥላሴ ነው

በሰንበሌጥ ሥላሴ አጥቢያ ሰው ሲያመው የሚውጠውም ሆነ ማሳ ላይ የሚረጨው ያላቸው ስም አንድ ነው፤ መድኃኒት። የግብርና ሰዎች «ፀረ ተባይ» ብለው ይጽፋሉ፣ በስብሰባም ይህንኑ ይላሉ። ስብሰባው ሲበተን ግን ገበሬው መድኃኒት ብሎት ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል፣ ከበርበሬውና ከጨው ዕቃው አጠገብም ያስቀምጠዋል። የቄስ ይስማው ታላቅ ወንድም ዓለምነው ይህን ስም አምኖ ነው የሞተው። የዛሬ ሦስት ዓመት ስንዴው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ቅማል መሳይ ተባይ ሲወጣበት ከሉማሜ ገበያ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ፣ በባዶ እጁ በጥብጦ፣ ነፋሱን በፊቱ እየተቀበለ ሲረጭ ዋለ። ጓንት ይደረግ፣ አፍ ይሸፈን የሚለው ጠርሙሱ ላይ መጻፉንስ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ዓለምነው በማያውቀው ቋንቋ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ አረፋ ደፈቀ። በማግስቱ ቄስ ይስማው የገዛ ወንድማቸውን ቆመው በጸሎተ ፍትሐት ፈቱ።

ከዚያ ወዲህ የሱቅ መድኃኒት ደጃቸውን እንዳይረግጥ አወገዙ። ቄስ ይስማው ክህነትንና እርሻን አጣምረው የሚኖሩ፣ ሃምሳን ያለፉ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ደብረ ወርቅ አራት ዓመት ቅኔ ቆጥረዋል፤ የዚያ ትምህርት ጣዕም ከምላሳቸው ወርዶ አያውቅም። በሬ ሲጠምዱም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡም ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ጣል ሳያደርጉ አይውሉም። ሰው ሰሙን ይዞ ሲሄድ እሳቸው ወርቁን ይዘው በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ይላሉ። ይህች ደስታቸው እስከ ዘንድሮ ክረምት ድረስ ማንንም ጎድታ አታውቅም ነበር።

የሟች ወንድማቸው ሚስት ወለተ ሐዋርያት አጠገባቸው ነው የምትኖረው። ማሳዎቻቸውን የሚለየው አንድ ድንበር ብቻ ነው፤ ዓለምነው ካረፈ ጀምሮ የእሷንም መሬት የሚያርሱላት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላትም። ያላት ያቺ አንድ ጥማድ የጤፍ መሬትና ከዓመት ዓመት የማይለቃት የጨጓራ ሕመም ነው። ቄስ ይስማውን በዕድሜ ትበልጣቸዋለች፤ ቢሆንም «አባ» ብላ፣ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳልማ ነው የምታናግራቸው።

አምና በቀበሌው ስብሰባ ሶልያና የምትባል የግብርና ባለሙያ ስለ ብርብራ ተናግራ ነበር። ሶልያና የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ጭቃ አትፈራም፣ ሰውም አትፈራም። የብርብራ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ቢረጭ ትልን እንደሚገድል፣ የሱቁን መርዝ በብዙ ነገር ሊተካ እንደሚችል ስታስረዳ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ብርብራን የማያውቅ ማን አለና! ቆለኞች ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ላይ የሚበትኑት፣ ዓሣውን አስክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ የሚገለብጥ ዛፍ ነው።

«እና ተምቹን አስክረን ልናስጨፍረው ነው?» አለ ምስጋናው፣ የሰፈሩ ተረበኛ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ሶልያና ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ቄስ ይስማው ቀሩ። የወንድማቸው ነገር ሆዳቸው ውስጥ ነበረና መሳቅ አልቻሉም። ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ይህ ነገር የሚሠራው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ ካደገ አይበግረውም። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያደክመው፣ ንብንም እንዳይጎዳ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ቀኑ ሲያዘነብል ነው የሚረጨው። ዝናብ ካጠበው ይደገማል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ከማሳው ላይ ጠፍቶ ይሄዳል እንጂ እንደ ሱቁ መድኃኒት አይከርምም።

«አንድ ነገር ግን አባ» አለቻቸው፤ «ከዛፍ መጣ ማለት ገር ነው ማለት አይደለም። ዓሣውን ያስታውሱ። ጓንት ያድርጉ፤ ዕቃውን ለብቻው ያስቀምጡ።»

ዘንድሮ የሐምሌ ሥላሴ በዋለ በሳምንቱ ተምቹ መጣ። ጤፉ ገና ሁለት ጣት አልሞላም ነበር። ትሉ ከግጦሽ መሬቱ ተነሥቶ ጥቁር ሆኖ ወደ ማሳው ሲሄድ ሰው ሁሉ አየ። ገሚሱ ወደ ሉማሜ ሱቅ ሮጠ፤ ሱቁም ያለውን በአንድ ቀን ጨረሰ። የቀረው ምህላ ያዘ። ቄስ ይስማው ጠዋት ጠዋት ከሕዝቡ ጋር ምህላ ይቆማሉ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ፣ ከደጀን በታች ካለው ቁልቁለት አስለቅመው ያስመጡትን ብርብራ ይወቅጣሉ። ለምን ለማንም አልተናገሩም ቢባል፣ ያ ሳቅ ጆሯቸው ውስጥ ስለነበረ ነው። ቄስ ሲሳቅበት ደስ አይለውም፤ ቅኔ የቆጠረ ቄስ ደግሞ ይብስበታል።

ውኃውን የቀዱት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከሚወርደው ወንዝ ነው። የወንዙ ስም «የሥላሴ ውኃ» ነው። ከብት ይጠጣበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ ጠበል አይደለም። ዘፍዝፈው አሳደሩት፤ በማግስቱ በሻሽ አጣሩት፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ማሳቸውን ዳር እስከ ዳር ረጩ። ድንበሩን ተሻግረው የወለተ ሐዋርያትንም ጨመሩላት።

በሦስተኛው ቀን ትሉ ቅጠሉ ላይ ደርቆ ተገኘ። የጎረቤቱ ማሳ ተላጭቶ የቄስ ይስማውና የወለተ ሐዋርያት ጤፍ ለምልሞ ሲታይ ሰው ድንበሩ ላይ ተሰበሰበ። ምስጋናው ራሱ መጣ። አንዱን ትል በጣቱ ቆንጥሮ አገላብጦ አየውና «አባ፣ ምንድን ነው የረጩበት?» አለ።

ቄስ ይስማው «ብርብራ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የምስጋናውን ባርኔጣ አዩ። አሁን ወደ ኋላ ይገፋታል፣ ሕዝቡም ይስቃል ብለው አሰቡ። ያቺ የደብረ ወርቅ ምላሳቸው ቀደመቻቸው።

«ውኃው የሥላሴ ነው፤ እኔ ረጪ ነኝ» አሉ።

ልብ በሉልኝ፣ ውሸት አልተናገሩም። ውኃው ከሥላሴ ወንዝ ነው፤ የረጩትም እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ምህላው በተያዘበት ሰሞን፣ ከቄስ አፍ፣ «የሥላሴ ውኃ» እና «መርጨት» አብረው ሲወጡ የጎጃም ሰው ምን ብሎ ይሰማል? ምስጋናው ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ጠበል ነው የሚለው ወሬ ከማሳው እስከ ገበያው መንገድ ድረስ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ሰው መጣ። «ለእኔም ይርጩልኝ» የማይል ጠፋ። ቄስ ይስማው ከማሳ ማሳ ሲዞሩ ሰነበቱ፤ ትሉ ትንሽ ሳለ የደረሱበት ሁሉ ተረፈ። የሱቅ ጠርሙስ የያዘ ሰው በዚያ ሰፈር መታየት ቀረ። አንድም ሰው አረፋ አልደፈቀም። ዓለምነው ይህን ቢያይ ብለው አለቀሱም። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ስለዚህም ነው ለመናገር የከበዳቸው።

ሶልያና ወሬውን ሰምታ መጣች። «አባ፣ ጠበል ነው እያሉ ነው እኮ። ስሙን ይንገሯቸው» አለች።

«እኔ ጠበል አላልሁም።»

«ጠበል አይደለም ብለውም አልነገሯቸውም።»

«ስሙን ከነገርኋቸው ወደ ሱቁ ይመለሳሉ፣ ልጄ። አምና ስትነግሪያቸው ምን እንዳሉሽ ረሳሽው? ክረምቱ ይውጣ፤ ጤፉን አይተው ሲያምኑ እነግራቸዋለሁ።»

ሶልያና «እንግዲያስ ዕቃው ላይ ይጻፉበት» ብላ ሄደች። አልጻፉበትም።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ የመጀመሪያውን ርጭት አጥቦት ነበርና ለመድገም አንድ ጀሪካን ሙሉ በጥብጠው፣ ለማሳው ይቀርባል ብለው ወለተ ሐዋርያት ቤት አስቀመጡት። «ለነገ ማታ ነው፣ ወለቴ፤ አደራ» አሏት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ በበሩ ወደ ውስጥ አዩ። ጀሪካኑ እሳቸው መሬት ላይ ባስቀመጡበት አልነበረም። መደቡ ላይ ከፍ ብሎ፣ የታጠበች ነጭ ነጠላ ለብሶ ነበር።

ይህን አይተዋል። ቆመውም ነበር። ገብተው «ወለቴ፣ ይኼ እንደዚያ አይደለም» ለማለት አምስት እርምጃ አይፈጅባቸውም። የኪዳን ደወል ተደወለና «ስመለስ እነግራታለሁ» ብለው አለፉ።

ወለተ ሐዋርያት በጾሙ ሕመሟ ብሶባት ነበር። የዚያን ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ በባዶ ሆዷ፣ አማትባ፣ በጣሳ ቀድታ ጠጣች። መረራት። ጠበል መምረሩ አዲስ ነገር አይደለም ብላ ጨረሰችው። ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ተገለበጠና ማስመለስ ጀመረች። ጎረቤቶች ደርሰው ሲያዩ ደነገጡ እንዳትሉ፤ ደስ አላቸው። ጠበል ሲያስመልስ በሽታው ሊወጣ ነው ማለት ነዋ!

«እሰይ! አገኘው! ያዘው!» አሉና ራሷን ደግፈው ሁለተኛ ጣሳ አጠጧት።

ቄስ ይስማው ተጠርተው ሲደርሱ ሴቶቹ ከበዋት እልል ይሉ ነበር። ከንፈሯ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጀሪካኑ ክዳኑ ተከፍቶ መደቡ ላይ ቆሟል፤ ነጠላዋ ታጥፋ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«ስንት ጠጣች?»

«ሁለት ጣሳ፣ አባ። ሦስተኛውን ልንሰጣት ነበር።»

«ማንም እንዳይነካው!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው እንዲያ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ እልልታው ቀጥ አለ።

በቃሬዛ አወጧት። እስከ ሉማሜ መንገድ ያለውን ጭቃ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ተሸክመው፣ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ አገኙ። ቄስ ይስማው በመንገዱ ሁሉ ዳዊት ለመድገም ሞከሩ፤ ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው እየዘለለባቸው ተዉት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሃኒ የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው። የወለተ ሐዋርያትን ዓይን ገልጣ አየች፤ የልብ ትርታዋን አዳመጠች።

«ምንድን ነው የጠጡት?»

«ጠበል ነው» አለ ምስጋናው። ቃሬዛውን ካነሡት አንዱ እሱ ነበር።

«ከጠበሉ ሌላስ?»

«ከጠበል ሌላ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ጾም ናት።»

ሃኒ ግራ ገባት። «ይኼ የጠበል ሕመም አይመስልም። የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ። ካላወቅሁ የምሰጣት የለኝም።»

ቄስ ይስማው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በክፍሉ ውስጥ ስድስት የአጥቢያቸው ሰዎች አሉ። በእነዚህ ፊት ሃያ ሰባት ዓመት ቀድሰዋል፤ ልጆቻቸውን አጥምቀዋል። ዓለምነውን ያሳሳተችው ጠርሙስ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈባት ነበረች። እሳቸው ግን ወለተ ሐዋርያትን ያሳሳቷት በገዛ አፏ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ስም አምነው ተመረዙ፤ እሱ መድኃኒት ባሉት፣ እሷ ጠበል ባሉት። ያ ሳቅ የወጣበት ቃል ብቻውን ሊያድናት ይችል ነበር፤ ብርብራ ቢሏት ዓሣው ትዝ ብሏት በጣቷም ባልነካችው ነበር።

«ብርብራ ነው» አሉ።

ሃኒ አልሰማቻቸውም። «ምን አሉኝ አባ?»

«የብርብራ ፍሬ ነው። እኔ ነኝ የበጠበጥሁት። ለተምች ነው። ጠበል አይደለም፤ ጠበል ሆኖም አያውቅም። እኔ ነኝ ዝም ያልሁት።»

ምስጋናው በእጁ ይዟት የነበረችውን ባርኔጣ ቀስ ብሎ መልሶ ራሱ ላይ አደረጋት፤ ወጥቶም ሄደ።

ሃኒ ግን ጊዜ አላባከነችም። ደም ሥሯን ፈልጋ ጉሉኮስ ሰካች፣ ስልክ ደወለች፣ አምቡላንስ አስጠራች። ወለተ ሐዋርያት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዳ ስምንት ቀን ተኛች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትተርፋለች ያለ ሰው አልነበረም። ቄስ ይስማው አልጋዋ ሥር ቁጭ ብለው አደሩ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉንም ነገሯት፤ ሰም አልጨመሩበትም።

«ነጠላ አልብሼው አይተዋል?» አለች።

«አይቻለሁ።»

«እኔ እኮ ዝም ሲሉኝ አሜን ያሉ መስሎኝ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቄስ ይስማው በዚያው እሁድ ወደ አጥቢያቸው ተመልሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። የደረቀ የብርብራ ፍሬ ይዘው ስሙን ጠሩ፤ ያደረጉትንም ተናገሩ። ይቅርታ ጠየቁ። አጨብጭቦ የሸኛቸው የለም፤ የተሳደበም የለም። ሕዝቡ መስቀል ሳይሳለም በጎናቸው እያለፈ ወጣ። የንስሐ አባታቸውም ወለተ ሐዋርያት ድና በእግሯ ቤተ ክርስቲያን እስክትመጣ ድረስ መቅደስ እንዳይገቡ ቀኖና ሰጧቸው። ትክክል ነው ብለው ተቀበሉ።

«ይርጩልኝ» የሚል ሰው ጠፋ። ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ነው። ብርብራው ያው ብርብራ ነው፤ ተምቹንም እንደገደለ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን በእሳቸው ዝምታ ምክንያት እሱም ሐሰተኛ ሆነ። ጾሙ ተፈትቶ ጥቂት ቀን እንዳለፈ ተምቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈለፈል ሰዉ ወደ ሉማሜ ሱቅ ተመለሰ። ምስጋናው አንድ ጠርሙስ በኪሱ ይዞ፣ እጁ ባዶ፣ አፉ ባዶ ሆኖ በደጃቸው ሲያልፍ አዩት። «አፍህን እንኳ ሸፍን» ሊሉት ፈለጉ፤ አሁን በየትኛው አፍ!

ጀሪካኑ ላይ ግን በቀይ ቀለም ጽፈውበታል፤ በትልልቅ ፊደል፣ በአራቱም ጎኑ።

አንድ ቀን፣ ቀኑ ሲያዘነብል፣ የራሳቸውን ማሳ ሊረጩ መርጫቸውን ሲያዘጋጁ ወለተ ሐዋርያት በድንበሩ በኩል መጣች። ምርኩዝ ይዛለች፤ ከስታለች። ከሆስፒታል ከወጣች ገና አሥር ቀኗ ነው። ቄስ ይስማው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ጤፌ ላይ ትሉ ተፈልፍሏል» አለች።

«አይቻለሁ፣ ወለቴ።»

«አይተው ነው ዝም ያሉኝ?»

ቃሏ ጎናቸውን ወጋቸው። «በምን ፊቴ ልበልሽ? ይህን ነገር ዳግመኛ ደጅሽ ላደርስ?»

በምርኩዟ ጀሪካኑን ነካ አደረገችና «ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?» አለች።

«ጽሑፍ ነው።»

«እኔ ፊደል አላውቅም፣ አባ። ያንብቡልኝ።»

አጎነበሱ። «ብርብራ። መርዝ ነው። አይጠጣም» ብለው አነበቡ።

«አልሰማሁም። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

ከማሳው ማዶ ምስጋናው ድንበሩ ላይ ተቀምጦ የጠርሙሱን ክዳን ይታገል ነበር። ቄስ ይስማው ቀና አሉ። ለሃያ ሰባት ዓመት በቅዳሴ ያሰለጠኑትን ድምፅ አወጡት፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቀና እስኪል ድረስ።

«ብርብራ ነው! መርዝ ነው! አይጠጣም!»

ምስጋናው ከጠርሙሱ ቀና ብሎ አያቸው። አልሳቀም። እጁም ከክዳኑ ላይ ቆመ።

ወለተ ሐዋርያት ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያስ ይርጩልኝ» አለች። ከዚያም ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ አየችና፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አጣፍታ፣ ከጀርባቸው ራቅ ብላ ቆመች።